ዲስክ ኦን ኪው ለምን አይታይም? በጋራ ኮምፒውተር ስንሠራ ፋይላችን የት እንዳለ ማወቅ

በያቭነ፣ በገዴራና በቂርያት መላኪ ቤተሰቦችን በምናግዝበት ሥራችን ላይ ከደብዳቤና ከቅጽ ቀጥሎ አብዝተን የምንጠየቀው ስለ ኮምፒውተር ነው። ጥያቄው ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ወረቀቶቼን በሙሉ ዲስክ ኦን ኪ ላይ አድርጌ ወደ ማትናስ ወሰድኩ። ሰካሁት፤ ኮምፒውተሩ ግን አላየውም። ቤት ስመለስ የልጄ ኮምፒውተር ወዲያው አየው። የተበላሸው የትኛው ነው?»

አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። በአንዳንድ ማትናሶች፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ትምህርት ቤቶችና ቢሮዎች ያለው ኮምፒውተር ቤታችን ካለው በአሠራሩ ይለያል። ልዩነቱ ሳይታወቅ ሲቀር ግን ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ጎንደር ለሚጠባበቅ ወንድም የተሰበሰበ ማስረጃ ይጠፋል፣ የልጅ የባግሩት ሥራ ከምሽት እስከ ጠዋት ደብዛው ይጠፋል፣ የሐኪም ወረቀት ደግሞ በማይመለከተው ሰው እጅ ይገባል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ብናስረዳ ይጠቅማል ብለን አሰብን።

እንጀራው የሚጋገረው ሌላ ቤት ነው

እንደሚታወቀው ቤታችን ያለው ኮምፒውተር ራሱን የቻለ ነው። ፕሮግራሙም፣ ፋይሉም፣ የሚያስበውም ክፍል በአንድ ሳጥን ውስጥ ነው። በኔትወርክ የተያያዙ የጋራ ኮምፒውተሮች ባሉበት ክፍል ግን ከስክሪኑ አጠገብ ያለችው ትንሽ ሳጥን ብቻዋን ብዙ አትሠራም። በኪቦርድ የጻፍነውንና በማውዝ የነካነውን ተቀብላ በሌላ ክፍል ወዳለ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ትልካለች። እሱ ሰርቨር ይባላል። ሰርቨሩ ሥራውን ይሠራና ሥዕሉን ብቻ ወደ ስክሪናችን ይመልሳል። ትንሿን ሳጥን የሙያው ሰዎች «ቲን ክላየንት» ይሏታል፤ ቀጭን ተገልጋይ እንደ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፋይል የሚቀመጥበት ዲስክ በውስጧ የላትም። እንጀራው የሚጋገረው ጎረቤት ቤት ነው፤ እኛ ፊት የቀረበው መሶቡ ብቻ ነው።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። ማይክሮሶፍት ብዙ ሰዎች በአንድ ሰርቨር ላይ በአንድ ጊዜ የሚሠሩበትን የዊንዶውስ ዓይነት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በ1999 ደግሞ ጂም መኩዊላን የተባለ አሜሪካዊ «ኤልቲኤስፒ» የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር በሊኑክስ ላይ ጀመረ። በዚህ ሶፍትዌር አማካይነት ቢሮዎች የጣሏቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ሳይቀሩ ከአንድ ጠንካራ ሰርቨር ጋር ተያይዘው እንደገና የሚያገለግሉ ሆኑ። ብዙ ድሃ ትምህርት ቤቶችም ተጠቀሙበት። መቄዶንያ በ2007 ለትምህርት ቤቶቿ 180,000 ያህል የተማሪ መቀመጫ ለማዘጋጀት ስትነሳ በዕቅዱ የተያዘው ኮምፒውተር 20,000 ያህል ብቻ ነበር። አንዱ ኮምፒውተር ለብዙ ተማሪ ስለሚከፋፈል ማለት ነው።

በእኛም አገር መንግሥት የዲጂታል ልዩነትን ለማጥበብ በ2001 «ለሃቫ» የተባለውን ፕሮጀክት ከጀመረ ወዲህ፣ ቤታቸው ኮምፒውተር የሌላቸው ሰዎች የሚጠቀሙባቸው የጋራ ክፍሎች በየከተማው ተከፍተዋል። ከወላጆቻችን ማውዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጡት እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ የሆነ ጥቂት አይደሉም። የጋራ ክፍል ሁሉ በሰርቨር ይሠራል ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ዓይነት አለ። ለባለቤቱ ግን ሰርቨሩ ይመቸዋል። አንዱን ጠግኖ ሃያውን ያድናል፣ ቫይረስን በአንድ በር ይጠብቃል፣ ትንሿንም ሳጥን የሚሰርቃት ሌባ የሚያተርፈው ነገር የለም። ችግሩ የሚጀምረው ተጠቃሚው የራሱን ዕቃ ይዞ ሲመጣ ነው።

የሰካነው ዕቃ ጉዞ

ስለ ዲስክ ኦን ኪ ካነሳን አይቀር፣ ስሙም ሥራውም የዚሁ አገር ነው። ኤም ሲስተምስ የተባለው የክፋር ሳባ ኩባንያ በ2000 ለገበያ ሲያወጣው የሚይዘው 8 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ዛሬ በስልካችን የምናነሳቸው ሁለት ሦስት ፎቶግራፎች ይሞሉታል። ኢትዮጵያ ያሉ ዘመዶቻችን «ፍላሽ» የሚሉት ይህንኑ ነው።

አሁን ዕቃውን ትንሿ ሳጥን ላይ ሰካነው እንበል። ደብዳቤውን የሚከፍተው ፕሮግራም ግን ሌላ ክፍል፣ ሰርቨሩ ላይ ነው። ሰርቨሩ እኛ የሰካንበትን ቀዳዳ አያይም። ስለዚህ በመካከል መልእክተኛ የሚሆን ሶፍትዌር ያስፈልጋል። ሳጥኗ ዕቃውን ታነባለች፣ በኔትወርኩ በኩል ለሰርቨሩ ታሳውቃለች፣ ሰርቨሩም የራሱ ዲስክ እንደሆነ አድርጎ ለእኛ ያሳየናል። ይህ መልእክተኛ ካልተጫነ ወይም ኃላፊው ሆን ብሎ ካጠፋው፣ የሰካነው ዕቃ መብራቱ እያበራ እንኳ በስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። ብዙ ቦታ ሆን ተብሎ ይጠፋል፤ ምክንያቱም ከአንድ ዲስክ ኦን ኪ የገባ ቫይረስ ሰርቨሩን ካገኘ የሁሉንም ሰው ሥራ ያገኛል። ይህን ሥጋት እኛም እንቀበላለን። ነገር ግን በሩን የዘጋ ተቋም ሰዎች ወረቀታቸውን በምን መንገድ ማስገባት እንደሚችሉ በግልጽ ጽፎ ግድግዳው ላይ መለጠፍ ይገባዋል። በአማርኛም ጭምር።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዕቃው ታይቷል፤ የተለወጠው ስሙ ነው። በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ «ይህ ኮምፒውተር» የሚለውን ስንከፍት ከሰርቨሩ ዲስኮች በታች ከአንድ ፊደል ጋር የሳጥኗ ስም ተጽፎ ይገኛል። የእኛ ዕቃ እዚያ ውስጥ ነው። ቤት የለመድነውን ስም ብቻ የምንፈልግ ከሆነ እናልፈዋለን። በአንዳንድ ቦታ ዕቃው መሰካት ያለበት የይለፍ ቃል አስገብተን ከመግባታችን በፊት ነው፤ ከገባን በኋላ ብንሰካው መልእክተኛው አይነቃም። እንዲህ ከሆነ ወጥቶ እንደገና መግባት ይበቃል።

ስልክን በገመድ ማገናኘት ከዚህም ይከብዳል። ስልኩ ባትሪውን ይሞላል፤ ፎቶዎቹ ግን አይመጡም። ስልክና ኮምፒውተር የሚነጋገሩበት መንገድ ከዲስክ ኦን ኪ የተለየ በመሆኑ ብዙ ሰርቨሮች አያሳልፉትም። በገመድ ከመታገል ፎቶውን ከስልኩ ወደ ራስ ኢሜይል ልኮ በኮምፒውተሩ መክፈት ይቀላል።

ዕቃውን ስናወጣ ደግሞ መታገሥ ይገባል። ቤት ውስጥ «አስቀምጥ» ስንል ፋይሉ በአንድ እርምጃ ዲስክ ኦን ኪው ላይ ይጻፋል። እዚህ ግን ከሰርቨሩ ተነስቶ በኔትወርኩ አልፎ በትንሿ ሳጥን በኩል ነው የሚደርሰው። ስክሪኑ «ተጠናቀቀ» ቢልም የመጨረሻው ክፍል ገና በመንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ነቅለን የሄድን እንደሆነ ቤት ስንደርስ የፋይሉ ስም አለ፣ ውስጡ ግን ባዶ ወይም የተቆረጠ ነው። አንድ የባግሩት ተማሪ ሥራውን በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ እንደጻፈ እናውቃለን። ስለዚህ መጀመሪያ ደብዳቤውን ይዝጉ፤ ዕቃውን «በደኅና አውጣ» የሚለውን ይጫኑ፤ የዕቃው መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ሲያቆም ይንቀሉ። ከመሄድዎ በፊት መልሰው ሰክተው ፋይሉን ቢከፍቱት ደግሞ የተሻለ ነው።

ቪዲዮው ለምን ይንቀራፈፋል?

ሁለተኛው ቅሬታ የቪዲዮና የድምፅ ነው። ከሐኪም ጋር በዙም ቀጠሮ የተያዘለት ሰው፣ የካን ሬቃን የአማርኛ ሥርጭት በኢንተርኔት መስማት የሚፈልግ ሽማግሌ፣ የሒሳብ ትምህርት በቪዲዮ የሚከታተል ልጅ፣ ሁሉም «ይቆማል፣ ይሄዳል፣ ድምፁ ወደ ኋላ ይቀራል» ይሉናል። ብዙዎች ኢንተርኔቱ ደካማ ስለሆነ ይመስላቸዋል።

በቁጥር እንመልከተው። አንድ መካከለኛ የቆየ ስክሪን 1,024 በ768 ነጥብ አለው፤ ወደ 786,000 ነጥብ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም 3 ባይት ያስፈልጋል። ቪዲዮ በሰከንድ 25 ጊዜ ያህል ሥዕሉን ይቀይራል። ሰርቨሩ ይህን ሁሉ ሳያጠቅልል እንዲሁ ቢልክ ለአንድ ሰው ብቻ በሰከንድ 470 ሜጋቢት ያህል ይሆናል። በብዙ ክፍሎች የተዘረጋው የቆየ የኔትወርክ መስመር ግን 100 ሜጋቢት ብቻ ነው የሚያሳልፈው። እርግጥ ነው ሰርቨሩ ሥዕሉን ይጨምቀዋል። ሆኖም አሥራ አምስት ልጆች በአንድ ሰዓት ቪዲዮ ሲከፍቱ ለመጭመቅም ለመላክም ጉልበት ያጥረዋል። ከውጭ የሚመጣው ኢንተርኔት ፈጣን ቢሆን እንኳ መጨናነቁ በቤት ውስጥ ነው።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ አንዳንድ ፕሮግራሞችን፣ በተለይ ብራውዘሩን፣ ሰርቨሩ ላይ ሳይሆን በትንሿ ሳጥን ላይ ማስኬድ ነው። እንጀራው ከጎረቤት ቢመጣም ቡናው እዚሁ ይፈላል። ቪዲዮው ተጨምቆ እንዳለ ወደ ሳጥኗ ይደርስና እዚያው ይፈታል። የጆሮ ማዳመጫው፣ ማይክሮፎኑና ካሜራውም የተሰኩት እዚያው ስለሆነ ድምፅና ሥዕል አይለያዩም። ሳጥኗ ግን ለዚህ የሚሆን ጉልበትና ማስታወሻ ሊኖራት ይገባል፤ በጣም አሮጌ ከሆነች ራሷ ትንቀራፈፋለች። የቪዲዮ ቀጠሮ ያለው ሰው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ሄዶ «ብራውዘሩ የሚሠራው እዚሁ ሳጥን ላይ ነው ወይስ ሰርቨሩ ላይ? ካሜራውስ ይታያል?» ብሎ ቢጠይቅና ቢሞክር በቀጠሮው ሰዓት አይጨነቅም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በአንድ ስክሪን ላይ ሁለት ፕሮግራሞች ጎን ለጎን ተከፍተው አንዱ በሰርቨሩ ሌላው በሳጥኗ ላይ ሲሠራ፣ ለዓይን ምንም ልዩነት የላቸውም። የቢቱዋሕ ሌኡሚ ቅጽ ከኢንተርኔት አውርደን «የወረዱ» በሚለው ቦታ ብናስቀምጠው፣ የደብዳቤ መጻፊያው ፕሮግራም ላያገኘው ይችላል። ቅጹ ያለው በሳጥኗ ውስጥ ነው፤ መጻፊያው ያለው ደግሞ ሰርቨሩ ውስጥ። አንዳንድ ቦታ ሁለቱ አንድ ማኅደር እንዲጋሩ ተደርጎ ስለሚዘጋጅ ችግር የለም። እንዲህ ካልተዘጋጀ ግን ሳጥኗ ዲስክ ስለሌላት በውስጧ የተቀመጠው ሁሉ ስትጠፋ አብሮ ይጠፋል። ማንም ሊመልሰው አይችልም። ቅጹን ሞልተው ሲጨርሱ ወዲያው ወደ ኢሜይልዎ ይላኩት ወይም ዲስክ ኦን ኪው ላይ ያስቀምጡት፤ ነገ እመለሳለሁ ብለው አይተዉት።

ምስጢራችን የት ይቀራል?

የጠፋ ፋይል ያሳዝናል። ያልጠፋው ግን አንዳንዴ ይብሳል። ብዙ የጋራ ክፍሎች ሁሉም ሰው በአንድ «እንግዳ» በሚል ስም ይገባሉ። በደንብ የተዘጋጀ ሰርቨር እንግዳው ሲወጣ የተወውን ሁሉ ይጠርጋል። ያልተዘጋጀው ግን በስክሪኑ ፊት የተቀመጠውን የተኡዳት ዜሁት ፎቶ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የኩፓት ሖሊም ውጤት ለሚቀጥለው ሰው ያቆየዋል። ተነስተን ሌላ ወንበር ላይ ብንቀመጥ እንኳ ያው ነው፤ ፋይሉ ያለው ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ ከየትኛውም ሳጥን ይታያል።

ፕሪንተርም እንዲሁ። ከሰርቨሩ የወጣ ትእዛዝ የሚሄደው ሰርቨሩ ወደሚያውቀው ፕሪንተር ነው፤ እሱም ሌላ ፎቅ፣ የጸሐፊዋ ክፍል ሊሆን ይችላል። አንዲት እናት የሐኪም ወረቀቷን አትማ አጠገቧ ያለው ፕሪንተር ዝም ሲላት አራት ጊዜ ደጋግማ ተጫነች። አራቱም ቅጂ ሠራተኞች በሚሰበሰቡበት ክፍል ወጥቶ ተገኘ። ስለዚህ «አትም» ከማለት በፊት የፕሪንተሩን ስም ማየት፣ የት እንደሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል።

በማኅበራዊ ሥራችን ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ግን የልጆቹ ነገር ነው። በብዙ ቤት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የቤተሰቡ ጸሐፊ ሆኗል። የመንግሥት መግቢያ የይለፍ ቃል የሚያውቀው እሱ ነው፤ የአባቱን ዕዳና የእናቱን በሽታ በመጀመሪያ የሚያነበው እሱ ነው። ወላጆች «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ ይሥራው» ሲሉ እንሰማለን። ልጁ ዕብራይስጡንና ማውዙን ቢያውቅም፣ ፋይሉ ሳጥኗ ውስጥ ይሁን ሰርቨሩ ላይ እሱም አያውቅም፤ ቤት እንደለመደው አድርጎ ትቶት ይሄዳል። ወላጅ ሦስት ነገር ራሱ ማድረግ ቢችል፣ ማለትም የይለፍ ቃሉን ራሱ ማስገባት፣ ፋይሉን ራሱ ማስቀመጥና ራሱ መውጣት፣ ቀሪውን ልጅ ቢያግዘው ጉዳት የለውም። ብራውዘሩ «የይለፍ ቃልዎን ላስቀምጥ?» ብሎ ሲጠይቅ በጋራ ኮምፒውተር ላይ መልሱ ሁልጊዜ «አይ» ነው።

ፊደላችን አራት ማዕዘን ሲሆን

ከጎንደር በኢሜይል የመጣ ደብዳቤ ሲከፈት ፊደሉ በትናንሽ ባዶ ሳጥኖች ተተክቶ ይታያል። ይህም ከዚሁ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው። የግዕዝ ፊደል የዓለም የኮምፒውተር ፊደላት ሠንጠረዥ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ በ1999 ገብቷል። ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ ንያላ የተባለ የአማርኛ ፎንት ይዞ መጥቷል። ቢሆንም ፎንቱ መኖር ያለበት ፕሮግራሙ በሚሠራበት ቦታ ነው። መጻፊያው ሰርቨሩ ላይ ከሆነ ፎንቱ በሰርቨሩ፣ ብራውዘሩ ሳጥኗ ላይ ከሆነ ፎንቱ በሳጥኗ ላይ መጫን አለበት። በዚህ ምክንያት ያው አማርኛ በአንዱ መስኮት ሲነበብ በሌላው ላይነበብ ይችላል። ኃላፊው አንድ ጊዜ ሰርቨሩ ላይ ቢጭነው ክፍሉ በሙሉ ያገኘዋል፤ ክፍያ የማይጠየቅባቸው ፎንቶችም ስላሉ በትሕትና መጠየቅ ነውር የለውም።

በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ የቆዩ ደብዳቤዎች ግን የተለዩ ናቸው። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ባዶ ሳጥን እንኳ አያሳዩም፤ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናሉ። ለእነዚህ የምንመክረው ላኪው በፒዲኤፍ አድርጎ እንዲልክ ወይም ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ እንዲልክ ነው። ለቤተሰብ ማገናኘት ጉዳይ የሚቀርብ ወረቀት ከሆነ ደግሞ ዋናውን ወረቀት አይጣሉ፤ ቅጂውንም በሁለት ቦታ፣ አንዱን በዲስክ ኦን ኪ ሌላውን በኢሜይል ያስቀምጡ። የአያቶችን ታሪክ በድምፅ ለቀረጻችሁ ልጆችም ይኸው ነው፤ ያ ድምፅ በሌላ ቦታ አይገኝም።

አሠራሩ በየጊዜው ይለወጣል። ኤልቲኤስፒ በ2019 ከሥር ጀምሮ እንደ አዲስ ተጽፏል፤ በአዲሱ አሠራር ሰርቨሩ ሲስተሙን በኔትወርክ ይልክና ፕሮግራሞቹ በሙሉ እኛ ፊት ባለው ኮምፒውተር ላይ ይሠራሉ። በዚህ ዓይነት ክፍል ዲስክ ኦን ኪ ቤት እንዳለው ቶሎ ይታያል፣ ቪዲዮውም አያስቸግርም። ሆኖም የተጠቃሚው ማኅደር አብዛኛውን ጊዜ አሁንም ሰርቨሩ ላይ ነው። ስለዚህ አዲስም ሆነ አሮጌ ክፍል ሲገቡ ኃላፊውን የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነው፦ ያስቀመጥኩት ፋይል የት ነው ያለው? ስወጣ ይጠረጋል ወይስ ይቆያል? ዲስክ ኦን ኪ ይፈቀዳል ወይ? ዕብራይስጡ ከከበደዎት ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፎ እንዲሰጥዎት የማትናሱን የአማርኛ አስተርጓሚ ወይም እኛን ይጠይቁ።

ሲጨርሱ ደግሞ ስክሪኑን ማጥፋት መውጣት አይደለም። ስክሪኑ ቢጠፋም በሰርቨሩ ላይ የከፈቱት ሁሉ ክፍት ነው፤ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ሲያበራው የእርስዎን ደብዳቤ ያገኛል። በዕብራይስጥ «ዬጺኣ» የሚለውን ፈልገው ይጫኑ፤ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ገጽ ተመልሶ ሲመጣ አይተው፣ ዲስክ ኦን ኪዎን ከቀዳዳው መንቀልዎን አረጋግጠው ይነሱ።